«መሸጎጫ አጽዳ»፦ የስልካችን አማርኛ ሲነበብ

ነገሩ የጀመረው በሐምሌ 2015 አጋማሽ፣ አንድ ቀን ከመግሪብ በኋላ ነው። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ስልካቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠቅልለው መጡ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ሞላሁ ሞላሁ ይላል። ምን አጉርሼው እንደሞላ እንጃ!»

ከሚሴ ላይ ሁለት ፊደል የቆጠረ ሁሉ የሠፈሩ የስልክ ሐኪም ነው። እኔም እንደ ሐኪም ተቀበልኳቸው። ቅንብሮች፣ መተግበሪያዎች፣ ማከማቻ እያልኩ ገባሁና ብዙ ቦታ የያዘውን የመልእክት መተግበሪያ ከፈትኩ። ሁለት ቁልፎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንደኛው «ማከማቻ አጽዳ»፣ ሁለተኛው «መሸጎጫ አጽዳ» ይላሉ። እማማ ማንበብ ስለማይችሉ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሁለተኛው ላይ ስደርስ ደነገጡ።

«መሸጎጫዬን? ኧረ ተው ልጄ! ሰው የሸጎጠውን ይጠርጋል እንዴ?»

ሳቅኩ። «አብሽሩ እማማ፣ ስሙ ነው እንጂ ትርፍራፊ ነው» አልኳቸውና ተጫንኩት። የተለቀቀው ቦታ ግን ትንሽ ሆነብኝ። ስለዚህ ወደ መተግበሪያው ራሱ ገባሁ። እዚያም ያው ቃል በእንግሊዝኛ ተጽፎ አገኘሁት፤ ያው ነው ብዬ እሱንም ተጫንኩ። አሁን ስልኩ ተነፈሰ። እማማ መረቁኝና ሄዱ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ጥያቄ ላንሳ። ልብ ወለድና ግጥም እንሄሳለን፤ ትርጉም መጽሐፍ ሲወጣ «ይህ ቃል አልሠመረም፣ ያኛው ሠምሯል» እንላለን። በየቀኑ አሥር ጊዜ የምናነበውን የስልካችንን አማርኛ ግን ማን ሄሶት ያውቃል? መጽሐፍ ገዝቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ይህን አማርኛ ያነባል፣ ወይም ያስነብባል። ደግሞም ይህ ጽሑፍ ተነብቦ የሚቀር አይደለም፤ ትእዛዝ ነው። የተሳሳተ ግጥም ያነበበ ሰው ቢበዛ ይናደዳል። የተሳሳተ ቁልፍ ያነበበ ሰው ግን የልጁን ድምፅ ያጣል።

ከቃሉ እንጀምር። «ሸጎጠ» ድንቅ ግሥ ነው። ሴት ብሯን በመቀነቷ ትሸጉጣለች። ገበሬ ማጭዱን ከጣራው ክዳን ሥር ይሸጉጣል። የሰኞውን የባቲ ገበያ ወይም የእሑዱን የሰንበቴን ገበያ የሚያውቅ ሰው፣ ፍየሉን የሸጠ ገበሬ ብሩን ቆጥሮ የት እንደሚሸጉጥ አይቷል፤ ዙሪያውን ቃኝቶ፣ ፊቱን መለስ አድርጎ ነው። የሚሸጎጥ ነገር ሁልጊዜ ትንሽ ነው፣ ሁልጊዜም ውድ ነው። ቆሻሻ የሚሸጉጥ ሰው የለም። እንግዲህ «መሸጎጫ አጽዳ» ሲባል በአማርኛ ጆሮ የሚሰማው «ያስቀመጥከውን ቅርስ ጥረግ» ነው። የእማማ ድንጋጤ ያለማወቅ አልነበረም፤ ቋንቋቸውን አሳምረው ማወቃቸው ነበር።

ተርጓሚውን ለመውቀስ ግን አንቸኩል። የእንግሊዝኛው «ካሽ» ራሱ የመጣው «መደበቅ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ግሥ ነው፤ ጥንት የሰሜን አሜሪካ ቆዳ ነጋዴዎች ስንቃቸውን በየመንገዱ የሚደብቁበትን ጉድጓድ በዚህ ስም ይጠሩት ነበር። ወደ ኮምፒውተር ዓለም የገባው እ.ኤ.አ. በ1968 አካባቢ፣ አይቢኤም ሲስተም/360 ሞዴል 85 የተባለውን ማሽን ሲያስተዋውቅ ነው። ከዚያ በፊት በ1965 እንግሊዛዊው ሞሪስ ዊልክስ ያንኑ ሐሳብ ሲጽፍ የሰጠው ስም «ባሪያ ማኅደር» እንደ ማለት ነበር፤ ደግነቱ አልጸናም። ስለዚህ «መሸጎጫ» ያለው ሰው ቃሉን እስከ ሥሩ ቆፍሮ፣ መንገደኛው ስንቁን የደበቀበት ጉድጓድ ድረስ ወርዶ ነው የተረጎመው። ከታማኝነት አንጻር ከዚህ የተሻለ አማርኛ አላውቅም።

ችግሩ የሚታየው ቃሉ ከጎረቤቱ ጋር ሲነበብ ነው። አሁን «ማከማቻ አጽዳ» የሚለው ቁልፍ በቀድሞ ስልኮች ላይ «ውሂብ አጽዳ» ነበር፤ «ውሂብ» ደግሞ ዛሬም በየገጹ አለ። ቃሉ የተቀዳው «ሰጠ» ከሚለው የግዕዙ «ወሀበ» ነው፤ የላቲኑ «ዳተም»ም «የተሰጠ» ማለት ስለሆነ ተርጓሚው እዚህም በጥንቃቄ ሄዷል። «ሀብት» የሚለው ቃላችንም ከዚሁ ከ«ወሀበ» የተወለደ ነው። ውሂብና ሀብት እህትና ወንድም ናቸው! ግን ይህን ዝምድና ከግዕዝ ተማሪ በቀር ማን ያያል? የከሚሴ ልጅ «ውሂብ» ሲያነብ ምንም አይሰማውም፤ ቃሉ ባዶ ሳጥን ነው። ባዶ ሳጥን መጥረግ ደግሞ አያስፈራም።

ስለዚህ ሁለቱ ቁልፎች ፍርሃታችንን አዛብተው አስቀመጡት። «መሸጎጫ አጽዳ» ያስፈራል፤ የስልኩ ገጽ ላይ ያለው ይህ ቁልፍ ግን የሚነካው መተግበሪያው ለፍጥነት ብሎ ያቆየውን ቅጂ ብቻ ነው። «ውሂብ አጽዳ» ወይም «ማከማቻ አጽዳ» አያስፈራም፤ እሱ ግን መተግበሪያውን ዛሬ እንደ ተጫነ ያደርገዋል። መለያው ይወጣል፣ ቅንብሩ ይጠፋል፤ መጠባበቂያ ቅጂ ያልተያዘለት የዋትሳፕ ጭውውትም አብሮ ሊሄድ ይችላል።

«እንግሊዝኛውን እንዳለ እንውሰደው» የሚልም ይኖራል። እሱም አያዋጣም። በመንገድ አማርኛ «ዳታ» ማለት በካርድ የሚገዛው ፓኬጅ ነው። «ዳታህን አጥፋ» ማለት «ገንዘብህ እንዳያልቅ ኢንተርኔቱን ዝጋ» ማለት ነው፤ የቆጣቢ ምክር ነው። ይህን የለመደ ሰው «ዳታ አጥፋ» የሚል ቁልፍ ሲያይ ጥሩ ነገር ያደረገ መስሎት ይጫነዋል። «ካሽ»ማ ጭራሽ ጥሬ ገንዘብ ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ዳር ካሉት የሞባይል ቤቶች በአንዱ «ካሽህ ሞልቷል» ሲባል «ምነው በሞላ!» ብሎ የመለሰ ደንበኛ አጋጥሞኛል።

እዚህ ላይ የከሚሴ ነገር ይጨመራል። የብሔረሰብ ዞናችን አፍ መፍቻ በብዛት አፋን ኦሮሞ ነው፤ ልጆች በቁቤ ይማራሉ፣ በአማርኛ ይነግዳሉ፣ ቁርኣን በዐረብኛ ይቀራሉ። የወሎ ሼኾች መንዙማን በዐረብኛ ፊደል፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ሲጽፉ ኖረዋል። ባቲ ገበያ ላይ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው በአንድ ፍየል ዋጋ ሲከራከሩ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ከግማሽ መንገድ ይቀበላል፤ ያልገባውን «ምን ማለትህ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። በዚህ አገር ሰው ከቋንቋ ወደ ቋንቋ መሻገር አያቅተውም። ስልኩ ግን ግማሽ መንገድ አይመጣም። አማርኛው ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ሰው «ውሂብ» ሁለት ጊዜ የተቆለፈ በር ነው፤ «ምን ማለትህ ነው?» ቢለውም መልስ የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። መሐንዲሱ «ይህ ቢጠፋ ግድ የለም» የሚለው በአንድ እምነት ላይ ቆሞ ነው፤ የጠፋውን ከኢንተርኔት መልሶ ማምጣት ይቻላል የሚል እምነት። እ.ኤ.አ. በ2017 አንድሮይድ 8 ሲወጣ የሁሉንም መተግበሪያ መሸጎጫ በአንድ ንክኪ የሚጠርገው የድሮው ምርጫ የቀረውም በዚሁ ሐሳብ ነው። ቦታ ሲጠብ ስልኩ ራሱ ይጠርጋል፣ ሲያስፈልግ ራሱ መልሶ ይሞላል። ቴሌግራም ደግሞ ይህን እምነት አንድ እርምጃ ወሰደው። በቴሌግራም ውስጥ «ካሽ» የሚባለው ትርፍራፊ ብቻ አይደለም፤ አውርደን ያየነው ፎቶ፣ የሰማነው ድምፅ፣ ያስቀመጥነው ሰነድ ሁሉ በዚያ ስም ይቆጠራል። ዋናው ቅጂ ደመናው ላይ ስላለ እጃችን ላይ ያለው እንደ ጊዜያዊ ይታያል። እንግዲህ የስልኩ «መሸጎጫ» እና የመተግበሪያው «ካሽ» ስማቸው አንድ፣ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። እኔ በዚያ ምሽት ያላነበብኩት ይህንን ነው። እኔ ስም አየሁ፤ እማማ ትርጉም ሰሙ።

እማማ ጂዳ ያለች ልጅ አለቻቸው። ማንበብ ስለማይችሉ ደብዳቤያቸው የድምፅ መልእክት ነው። የሁለት ዓመት ድምፅ ነበር፤ ሰላምታው፣ ለቅሶው፣ «እማ፣ ብሩ ደረሰ ወይ?» የሚለው። ከመሐሉ ወንድማቸው ከማረፋቸው በፊት በሐድራ ላይ ያሰሙት መንዙማ አለ፤ ልጃቸው ከሰው ተቀብላ የላከችላቸው። እኔ በተጫንኩት ማግስት ሊሰሙት ቢነኩት ቀስት ብቻ አሳያቸው። ይዘውት መጡ። «ፓኬጅ ሲገዙ ይመለሳል፤ ዋናው ላይ አለ» አልኳቸው። አልዋሸሁም። «እሺ፣ ብር ሲደርሰኝ» አሉ።

ብሩ ሳይደርስ በሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ሳምንት ሲባል ወር ሆነ፣ ወር ሲባል ወራት። በዚያ ሁሉ ጊዜ እማማ ቀስቱን አንዳንዴ ይነኩታል፤ ክቡ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ይቆማል። አንድም ቀን አልወቀሱኝም። አንድ ቀን ብቻ፣ ቡና ላይ፣ «ያኔ መሸጎጫ ነው ስልህ» አሉና ዝም አሉ።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ ድምፆቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ሁሉም ነበሩ። መሐንዲሱ እውነቱን ነው። ግን እውነቱ የሚሠራው መረብ በማይቋረጥበት፣ ፓኬጅ በማያልቅበት አገር ነው። መረብ በሚቋረጥበት አገር «ጊዜያዊ ቅጂ» የሚባል ነገር የለም፤ እጅ ላይ ያለው ቅጂ ብቸኛው ቅጂ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ መጀመሪያ አካባቢ በ«መሸጎጫ» ላይ ያነሳሁትን ነቀፋ በከፊል እመልሳለሁ። ቃሉ ለሲሊከን ቫሊ ስልክ ስሕተት ሊሆን ይችላል። ለከሚሴ ስልክ ግን ከእንግሊዝኛው የበለጠ እውነት ተናግሯል፤ እዚያ ውስጥ ያለው በርግጥም የተሸጎጠ ስንቅ ነበር።

ታዲያ ምን ይሻላል? ቃል መለወጥ ብቻውን አይበቃም። የሚተረጎመው ቃሉ ሳይሆን መዘዙ ነው። ቁልፉ ሥር አንድ መስመር ቢኖር ይበቃ ነበር፤ «ፎቶዎችህና መልእክቶችህ አይነኩም» ወይም «ይህን ካጠፋህ መልሰህ ለማግኘት ኢንተርኔት ያስፈልግሃል» የሚል። በአማርኛም፣ በአፋን ኦሮሞም። ገበያ ላይ ዕቃ የሚሸጥ ሰው እንኳ «ይሄ ይሰበራል፣ ተጠንቀቅ» ብሎ ነው የሚሰጠው።

ያ እስኪሆን የሠፈር ሐኪሞች ኃላፊነት አለብን። ስልክ ሞላ ሲባል መጀመሪያ ቦታውን የበላው ምን እንደሆነ ማየት ነው፤ ብዙ ጊዜ ሰው ልኮት አንዴ ታይቶ የተረሳ ቪዲዮ ነው። የስልኩን መሸጎጫ ማጽዳት ጉዳት የለውም፣ ጥቅሙም አጭር ነው፤ ተመልሶ ይሞላል። «ማከማቻ አጽዳ»ን አለመንካት ነው፤ ግድ ከሆነም መጠባበቂያ ቅጂ ይዞ። ቴሌግራም ላይ ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ ድምፅ ለየብቻ ተዘርዝረው ስለሚታዩ ቪዲዮውን ብቻ መርጦ ድምፁን መተው ይቻላል። እኔ በዚያ ምሽት ቸኩዬ ያላነበብኩት ዝርዝር እሱ ነው። የሚወደድ ድምፅ ካለ ደግሞ መንዙማ እንደምናስጭን ሁሉ ሜሞሪ ካርድ ላይ መገልበጥ ነው።

እማማ አሁን ካርድ አላቸው። የልጃቸውን ድምፅና የወንድማቸውን መንዙማ ገልብጬላቸዋለሁ፤ አሮጌው ስልክ ውስጥ ግን አልተውትም። በትንሽ ላስቲክ ጠቅልለው ያስቀመጡበትን ቦታ አይቻለሁ። መቀነታቸው ውስጥ ነው።