ሴጎቪያና የጊታር ክብር

የሙዚቃ መሣሪያ በተፈጥሮው ክቡርም ወራዳም አይደለም። ክብሩንም ውርደቱንም የሚያገኘው ከተጫዋቹና ከአድማጩ ነው። የስፔናዊው የጊታር ሊቅ የአንድሬስ ሴጎቪያ የረጅም ዘመን ሥራ ለዚህ አባባል ከሁሉ የላቀ ማስረጃ ይሆናል፤ ሆኖም ክብሩ በምን ዋጋ እንደተገዛ ሊጠየቅ ይገባል።

ሴጎቪያ እ.ኤ.አ. በ1893 በሊናሬስ ሲወለድ ጊታር በመጠጥ ቤት የዘፈን አጃቢ ነበር። እንደ ፍራንሲስኮ ታሬጋ ያሉ ጠበብት ቢኖሩትም፣ ታላላቅ የኮንሰርት አዳራሾች ጊታርን ከፒያኖና ከቫዮሊን ጋር እኩል አያዩትም ነበር። በአብዛኛው ራሱን በራሱ ያስተማረው ይህ ሰው በ1924 በፓሪስ፣ በ1928 በኒውዮርክ ቀረበ። በ1935 ደግሞ ባኽ ለቫዮሊን የደረሰውን ሻኮን በስድስት አውታር ተጫውቶ የጊታርን አቅም የናቁትን አሳፈረ።

ድሉ የጣት ቅልጥፍና ብቻ ውጤት አይደለም። ቶሮባን፣ ቱሪናን፣ ፖንሴንና ካስቴልኑኦቮ ቴዴስኮን የመሳሰሉ ደራስያን ለጊታር እንዲጽፉ ገፋፋ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከእንስሳ አንጀት የሚሠራው አውታር ሲታጣ፣ ከአልበርት ኦገስቲን ጋር በመተባበር የናይሎን አውታር እንዲስፋፋ አደረገ። በሲዬናና በሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ያስተማራቸው ወጣቶችም ሥራውን በየአገሩ አስፋፉት።

ይሁን እንጂ ሴጎቪያ ጊታርን ከተራው ሕዝብ ጫጫታና ጨዋታ ማላቀቅ ከዓላማዎቹ አንዱ መሆኑን ራሱ ይናገር ነበር። የአስተሳሰቡ ተቃርኖ እዚህ ላይ ይገለጻል። በጊታር ከታወቁት ሥራዎቹ አንዱ የሆነው የአልቤኒስ «አስቱሪያስ» ለፒያኖ የተጻፈ ሲሆን፣ ፒያኖው የሚኮርጀው የአንዳሉሲያን የፍላሜንኮ ጊታር ነው። ሴጎቪያ በበሩ ያስወጣው የሕዝብ ዜማ ካባ ለብሶ በመስኮት ተመለሰ ማለት ነው።

የምርጫው ጥበት በሌሎችም ላይ ወደቀ። ፍራንክ ማርቲን በ1933 የጻፈለትን አራት አጫጭር ድርሰት ወደ መድረክ አላወጣውም። የአገሩን የፓራጓይን የሕዝብ ዜማና ጭፈራ ከባኽ ጥበብ ጋር ያዋሐደውን አጉስቲን ባሪዮስን በአካል ቢያውቀውም፣ ድርሰቶቹን በፕሮግራሞቹ አላካተተም። ባሪዮስ በ1944 ካረፈ በኋላ ሥራዎቹ ከዓለም መድረክ ርቀው ቆዩ። በ1977 ሙሉ የባሪዮስ አልበም በማሳተም ያነሣቸው ጆን ዊሊያምስ መሆኑ፣ እሱም የሴጎቪያ ተማሪ መሆኑ፣ ልብ ሊባል ይገባዋል። ማርቲንንም ጁልያን ብሪም ለአድማጭ አደረሰው።

ከዚህ የተነሣ ሴጎቪያን መውቀስ ብቻ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ዊሊያምስና ብሪም የቆሙበት መድረክ እሱ የጠረገው ነው። በ1987 በ94 ዓመቱ ሲያርፍ ጊታር በሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ቦታውን ይዞ ነበር። ስሕተቱ የራሱን ጣዕም የመሣሪያው ሕግ አድርጎ መቁጠሩ ነው። የሕዝብን መሣሪያ ወደ አዳራሽ የሚያስገባ አርቲስት ዜማውን ከነባለቤቱ ሊያስገባ ይገባዋል፤ መምህርም ለተማሪው ከእጁ ቅልጥፍና በተጨማሪ እሱ ራሱ ያልወደደውን የመስማት ነጻነት ሊያወርሰው ይገባል።