የፒተርስበርግን ሙዚቃ በአዲስ አበባ ጆሮ መመዘን

ስለ አንድ ከተማ ተጻፈ የሚባል ሙዚቃ ሲገጥመን የመጀመሪያው መመዘኛ ርዕሱን ሸፍኖ ማድመጥ ነው። ከተማው ያለው በርዕሱ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ርዕሱ ሲነሣ አብሮ ይጠፋል። በአሠራሩ ውስጥ ካለ ግን ስሙ ባይነገረንም ያ ሕዝብ የኮራበትን፣ የፈራውንና የከፈለውን ዋጋ ከድምፁ እንሰማለን። ከዚህ በታች ያሉት መመዘኛዎች በሙሉ ከዚህ የሚመነጩ ናቸው።

የሩሲያው ዛር ታላቁ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1703 የቆረቆራት ቅዱስ ፒተርስበርግ ለእኛ ሩቅ አይደለችም። በጴጥሮስ ቤት ያደገው አፍሪካዊው አብራም ሃኒባል የባለቅኔው የአሌክሳንደር ፑሽኪን ቅድመ አያት ነው። የሃኒባል የትውልድ ስፍራ ምሁራንን ዛሬም ያከራክራል፤ ኢትዮጵያውያን ግን ፑሽኪንን እንደ ወገን ይዘነዋል፣ ሳር ቤት አካባቢም አደባባይ ሰይመንለታል። ከዓድዋ ድል በኋላ ደግሞ ዛር ኒኮላስ 2ኛ ለአፄ ምኒልክ 40 የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎች ላከላቸው። የዘመናዊ የሙዚቃ ጓዶቻችን ታሪክ ሲወሳ ይህ ስጦታ ሁልጊዜ ይነሣል።

የቂርቆስና የካዛንችስ ሰው ይህን ሙዚቃ ለመመዘን ከሌላ አገር ጆሮ መዋስ አያስፈልገውም። በመስቀል አደባባይ የደመራ ዕለት ከዝግተኛው መረግድ ወደ ፈጣኑ ጽፋት የሚሸጋገረውን ከበሮ ሰምቷል። በካዛንችሱ ፈንድቃ የአዝማሪ ቤት አዝማሪው አንዱን ዜማ ደጋግሞ እየመታ በእያንዳንዱ ዙር አዲስ ነገር ሲያመጣ አይቷል። ድግግሞሽ መቼ እንደሚያድግና መቼ እንደሚሰለች ያውቃል።

ድግግሞሹ ምን ይሠራል?

ይህ ጆሮ በተለይ የሚጠቅመው ለዲሚትሪ ሾስታኮቪች 7ኛ ሲምፎኒ ነው፤ በከተማዋ የሶቭየት ዘመን ስም “ሌኒንግራድ” የሚባለው። ሾስታኮቪች እ.ኤ.አ. በ1906 እዚያው ከተማ ተወለደ፤ ሲምፎኒውንም የጀመረው የጀርመን ጦር ወደ ከተማዋ ሲገሠግሥ ነው። በመጀመሪያው ክፍል መካከል ትንሽ የሰልፍ ከበሮ ከሩቅ፣ ለመስማት በሚያዳግት ድምፅ ይጀምራል። በላዩ ላይ ተራ፣ እንዲያውም ሞኛሞኝ የሚመስል ዜማ ይመጣል። ዜማው አይለወጥም፤ የሚለወጡት መሣሪያዎቹና የድምፁ መጠን ናቸው፤ በመጨረሻም 10 ተጨማሪ የነሐስ ተጫዋቾች ይገቡበታል።

የእኛ ከበሮ ሲሞቅ ይፈጥናል፤ ፍጥነቱ የደስታ ነው፣ በእልልታና በጭብጨባ ይጠቀለላል። ይህ ከበሮ ግን በዚያው እርምጃ ይቀጥላል። ሰው ቢወድቅም ባይወድቅም ግድ የለውም፤ አስፈሪነቱም ከዚህ ይመጣል። ስለዚህ የኦርኬስትራው መሪ ሙቀት ለመፍጠር ሲል እዚህ ላይ ካፈጠነ ሥራውን አበላሽቶታል። ከበሮው ገና ሲጀምር ጎልቶ ከተሰማም የሚያድግበት ቦታ አጥቷል። ጥሩ ትርጓሜ አድማጩ መጀመሪያ ጆሮውን እንዲያቀና፣ በኋላ ደግሞ መሸሻ እንዲያጣ ያደርጋል። ከማዕበሉ በኋላ ብቻውን የሚቀረውን፣ ባሱን የተባለውን የትንፋሽ መሣሪያ ረጅም ሙሾም ልብ በሉ፤ ተጫዋቹ ከቸኮለበት ሐዘኑ አልገባውም ማለት ነው።

ሲምፎኒው በተከበበችው ከተማ የተሰማው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 1942 ነው። መሪው ካርል ኤሊያስበርግ ነበር። ለመጀመሪያው ልምምድ የመጡት ተጫዋቾች 15 ያህል ብቻ ነበሩ፤ ሌሎቹን ረኃብ ጥሏቸው ወይም ገድሏቸው ስለነበር ከግንባር ጭምር ሙዚቀኞች ተጠሩ። ኮንሰርቱ በድምፅ ማጉያ እስከ ጀርመኖቹ ምሽግ ድረስ ተሰማ። ይህን ታሪክ እናከብረዋለን፤ ነገር ግን ዛሬ ለሚጫወተው ኦርኬስትራ ነጥብ አይጨምርለትም። እርሱን የምንመዝነው ባሰማን ነው።

የተዋሰው ድምፅ ቦታ አለው?

ፒተርስበርግ ሕንፃዋን ከጣሊያን፣ የመኳንንቷን ቋንቋ ከፈረንሳይ የተዋሰች ከተማ ነበረች። ቻይኮቭስኪ በፑሽኪን ልቦለድ ላይ ተመሥርቶ በጻፈውና እ.ኤ.አ. በ1890 በማሪንስኪ ቴአትር በታየው “የስፔድስ ንግሥት” ኦፔራ ይህን ውሰት ራሱን ሙዚቃ አድርጎታል። በግብዣው ትዕይንት የሞዛርትን ዘመን ዜማ ያስመስላል። አሮጊቷ እመቤት ብቻዋን ስትቀር በወጣትነቷ የሰማችውን የፈረንሳይ ዘፈን ለራሷ ታንጎራጉራለች፤ ለሞቷ ምክንያት የሚሆነው ሰው እዚያው ክፍል ውስጥ ተደብቆ ያደምጣታል። እዚህ ላይ ድምፅዋን ለማሳየት የምትዘፍን ዘፋኝ ወድቃለች። ያረጀ ትዝታ በሹክሹክታ ሲወጣ ከሥሩ ያለው ፍርሃት ይሰማል።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። በፑሽኪን ታሪክ ወጣቷ ገጸ ባሕርይ ሊዛ ታገባለች፤ በኦፔራው ግን በክረምት ቦይ ውስጥ ራሷን ትጥላለች። ቻይኮቭስኪ ይህን ሁሉ የጻፈው ፍሎረንስ ተቀምጦ በ44 ቀን ነው። ከተማን ለመጻፍ እዚያው መገኘት ግዴታ አለመሆኑን ያሳየናል።

ክብሩና ዕዳው አብረው አሉ?

የራይንሆልድ ግሊየር “የታላቋ ከተማ መዝሙር” እ.ኤ.አ. ከ1949ኙ “የነሐሱ ፈረሰኛ” ባሌት የወጣ ነው፤ ዛሬ የፒተርስበርግ መዝሙር ሆኗል፣ “ቀይ ቀስት” የተባለው ባቡር ወደ ሞስኮ ሲነሣም ይሰማል። ግርማ አለው፣ በደንብ ተሠርቷል። ባሌቱ የተመሠረተበት የፑሽኪን ግጥም ግን ሁለት ነገር ይይዛል፦ ከተማውን ያቆመውን ንጉሠ ነገሥትና በጎርፍ ፍቅረኛውን ያጣውን ምስኪን ጸሐፊ። መዝሙሩ ከባሌቱ ተነጥሎ ሲቀርብ የሚነግረን የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ለአደባባይ በዓል ይበቃል፤ ለታላቅ ሥራ ግን የጎርፉ ሰው ሊኖርበት ይገባል።

ወደ ቤታችን

ይኸው ሚዛን ለራሳችን ሥራዎችም ይሠራል። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና በሶፊያ የተማረው ግርማ ይፍራሸዋ ለፒያኖ የጻፈውን “አምባሰል” ስናደምጥ የምንጠይቀው አንድ ነው፦ ቅኝቱ በላይ የተለጠፈ ጌጥ ነው ወይስ የሥራውን አካሄድ ይመራል? የግራ እጁ ለቅኝቱ ቦታ ሲለቅለት መልሱ ይሰማል።

ካዛንችስ በዚህ ጥቂት ዓመት ብዙ ቤቱ ፈርሶ መልኩ ተለውጧል። ስለ እርሱ ሙዚቃ የሚጽፍ ሰው መምጣቱ አይቀርም። የመኪና ጥሩምባና የቤተ ክርስቲያን ደወል ቀድቶ ቢያመጣልን አንቀበለው። የአዲሶቹን ሕንፃዎች ኩራትና የሄዱትን ጎረቤቶች ናፍቆት በአንድ ዜማ ውስጥ እንዲሸከምልን እንጠይቀው። ሾስታኮቪችንና ቻይኮቭስኪን የመዘነ ጆሮ ከዚህ ያነሰ መጠየቅ የለበትም።