«አትንኩ» ካልን በኋላስ?

እኛ አገር ልጆችን ሙዚየም ማስጎብኘት ማለት ማሰለፍ ማለት ነው። አስተማሪው ከፊት፣ ተቆጣጣሪው ከኋላ። «አትንኩ! አትሩጡ! ቶሎ ቶሎ!» አስጎብኚው የነገሥታቱን ስም ከነዓመተ ምሕረታቸው ይደረድራል። ብሔራዊ ሙዚየም ከሆነ ደግሞ ከሉሲ እስከ አፈወርቅ ተክሌ ሥዕል በአንድ ሰዓት ተጠቅልሎ ያልቃል። ማታ አባት «ምን አያችሁ?» ሲል መልሱ «ብዙ ነገር» ነው። በቃ።

እኔ የምለው፣ እስቲ ልጁ እርሳስና ወረቀት ይሰጠውና አንድ ሥዕል ፊት ይቀመጥ። ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ውስጥ በእንጨት ላይ የተሣሉ የቆዩ የእመቤታችን ሥዕሎች አሉ። የ15ኛው መቶ ዓመት ሠዓሊ ፍሬ ጽዮንና አሠራሩን የተከተሉት ሕፃኑን ወፍ አስይዘው መሣል ይወዱ ነበር። አስጎብኚው ስለ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ሲያወራ ልጁ ወፏን አያያትም። «ሣል» ቢባል ግን መጀመሪያ የሚያገኛት እሷን ነው። «ለምን ወፍ ያዘ?» ብሎ ይጠይቃል። ያኔ አስጎብኚውን ላብ ላብ ይለዋል፤ ይበለው!

በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቁ ፊቱን ወደኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ክፉው በጎን ስለሚሣል አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። ይህን በቃል ብትነግሩት ልጁ ይረሳዋል። ሲሥል ግን ሁለተኛውን ዓይን ፈልጎ ያጣዋል።

«ይሄ የአዲስ አበባ ልጅ ቅንጦት ነው፤ መካነ ሰላም ያለ የቦረና ልጅ ስድስት ኪሎን ከየት ያመጣዋል?» የሚል አይጠፋም። ደሴም ብትሆን ለሱ ሩቅ ናት። ግን ያ ደጋ እኮ ራሱ ዕቃ ቤት ነው፤ ሳይንት ተድባበ ማርያምን የያዘ አገር ነው! ቄሰ ገበዙን አስፈቅዶ፣ ጫማ አውልቆ፣ ቅኔ ማኅሌቱ ጥግ ቁጭ ማለት ነው። «የጸሎት ሥዕል መጫወቻ አይደለም» ቢሉ እውነት አላቸው፤ በሥርዓት ይሁን። ደግሞ የወሎ ልጆች ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ወንበር ላይ ነው የሚማሩት፤ ለሁሉም የሚሆን የእናት መሶብ አለ። የስፌቱን ሐረግ በእርሳስ ለመከተል የሞከረ ልጅ እናቱ ስንት ጊዜ እንደቆጠረች ይገባዋል።

የትምህርት ቤቱን የሥዕል ክፍለ ጊዜማ እናውቀዋለን። ሰሌዳው ላይ ጎጆ፣ ከጎጆዋ ጀርባ ፀሐይ፤ «ገልብጡ!» መገልበጡ አይደለም ጥፋቱ። የጥንቱ ሠዓሊ የመምህሩን ሥራ እየገለበጠ ነው የተማረው። የፓሪሱ ሉቭር በ1793 እ.ኤ.አ. ሲከፈትም ለሠዓሊዎች የመገልበጫ ቀን ተለይቶላቸው ነበር። ጥፋቱ ለልጆቻችን የምንሰጣቸው ነገር ያቺው ጎጆ ብቻ መሆኗ ነው።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የደሴ ሙዚየም ተዘረፈ። ከዚያ በፊት ስንት ተማሪ ተሰልፎ አልፎበታል! ከነዚያ አንዱ እንኳ አንድ ጋሻ ፊት ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ጌጡን በደብተሩ ሥሎት ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ያንን ደብተር ፍለጋ የልጁን ቤት በር በቆረቆርን ነበር።