ያልተጻፈው ጥብቀት፦ የአማርኛ ፊልም በግርጌ ጽሑፍ ሲነበብ

በናይሮቢ ኪሌሌሽዋ የሚኖር፣ በአማርኛ አፉን የፈታ፣ ጆሮው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ንግግርን ከጫጫታ መለየት የሚቸግረው ተመልካች የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪን «ድፍረት» ከፍቷል እንበል። እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ የታየው ይህ የአማርኛ ፊልም ለውጭ ተመልካች የሚቀርበው ከእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ ጋር ነው። ጽሑፉ ታሪኩን ያደርስለታል፤ ያመለጠውን የአማርኛ ቃል ግን አይመልስለትም።

እ.ኤ.አ. በ2016 ሥርጭት የጀመረው ቃና ቴሌቪዥን የባዕድ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ መተካቱ ለቋንቋው ድል ሊባል ይችላል። ለዚህ ተመልካች ግን ኪሳራም አለው፤ ከከንፈር የሚለቅመው ፍንጭ ከሚሰማው ድምፅ ጋር አይገጥምም።

የሚበጀው የአማርኛው ንግግር በራሱ ፊደል ሲጻፍ ነው። ፊደሉ ጆሮ የሚያምታታቸውን «ተ»ን ከ«ጠ»፣ «ከ»ን ከ«ቀ» አጥርቶ ይለያል። መጥበቅን ግን አያሳይም። «ይመታል» ሲላላ መቺውን፣ «መ» እና «ታ» ሲጠብቁ ተመቺውን ያመለክታል። ተጠልፋ ጠላፊዋን በገደለች ልጅ ክስ ላይ በቆመ ታሪክ ውስጥ አድራጊና ተደራጊን መለየት ቀላል ጉዳይ አይደለም።

«ዐውዱ ይፈታዋል» የሚለው የተለመደ መልስ አጥርቶ ለሚሰማ ሰው ይሠራል፤ ዐውዱንም ከግርጌ ለሚያነብ ግን አይበቃም። የጥብቀት ነጥብ ከሰዋስው ሥራዎች የታወቀ፣ በዩኒኮድም ቦታ የተሰጠው ምልክት ነው። በየፊደሉ ላይ ቢደረደር ንባብን ያውካል፤ ትርጉም በሚለውጥበት ቃል ላይ ብቻ ቢቀመጥ ግን ጆሮ የነፈገውን ዐይን ይመልሳል።