ሰም ብቻ ነው ስለ ተባለ አንድ ዘፈን

አንድ ሰው ያየውን ታላቅ ነገር ሳይጨምርና ሳይቀንስ እንዳየው አድርጎ ቢዘፍነው፥ ደራሲ ይባላል ወይስ ወሬ ነጋሪ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን «ካውንትዳውን» በሚባለው የሮክ ዘፈን ምክንያት የሙዚቃ አፍቃሪዎች ከአርባ ዓመት በላይ ሲከራከሩበት ኖረዋል። የዘፈኑ ስም በእኛ ቋንቋ «የኋሊት ቈጠራ» እንደ ማለት ነው፤ ይኸውም ሮኬት ከመተኰሱ በፊት ከትልቁ ቍጥር ወደ ታናሹ እየወረዱ እስከ ዜሮ የሚቈጥሩት ቈጠራ ነው። እኛም ክርክሩን ከሰማን በኋላ ዘፈኑን ደጋግመን አዳምጠን የታየንን ለአንባብያን ለማቅረብ አሰብን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ዘፈኑን የደረሰው ረሽ የተባለው የካናዳ የሙዚቃ ጓድ ነው። ጓዱ በዚያን ጊዜ ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩት። ጌዲ ሊ እየዘፈነ ባስ ጊታርና ሲንተሳይዘር የሚባለውን የኤሌክትሪክ ኦርጋን ይጫወት ነበር፤ አሌክስ ላይፍሰን ጊታር ይመታ ነበር፤ በ2020 ዓ.ም. ያረፈው ኒል ፒርት ደግሞ ከበሮ መቺ ሆኖ ሳለ ግጥሙንም የሚጽፈው እርሱ ነበር። እነዚህ ሰዎች ኤፕሪል 12 ቀን 1981 ዓ.ም. በፍሎሪዳ ጠረፍ በሚገኘው በኬኔዲ የጠፈር ማዕከል ተገኝተው፥ ኮሎምቢያ የተባለችው መንኰራኵር ለመጀመሪያ ጊዜ ስትመጥቅ በዐይናቸው አዩ። በሴፕቴምበር 1982 ዓ.ም. «ሲግናልስ» የተባለውን ሸክላቸውን ሲያወጡም ያዩትን ነገር የሸክላው የመጨረሻ ዘፈን አደረጉት።

ያ ዕለት ምን ዐይነት ዕለት እንደ ነበረ ካልታወቀ ዘፈኑን በሚገባ መመዘን አይቻልም። ከዚያ በፊት አሜሪካኖች አዲስ መንኰራኵር በሠሩ ጊዜ፥ አስቀድመው ባዶዋን ልከው ሳይሞክሩ ሰው አሳፍረውባት ወደ ጠፈር ሰደው አያውቁም ነበር። ኮሎምቢያ ግን ገና በመጀመሪያ ጕዞዋ ሁለት ሰዎች ተሳፈሩባት። አለቃው ጆን ያንግ የአምሳ ዓመት ሰው ነበር፤ በ1972 ዓ.ም. በጨረቃ ላይ ተራምዷል። ጓደኛው ሮበርት ክሪፐን ግን ወደ ጠፈር ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። ጕዞው ታስቦ የነበረው ለኤፕሪል 10 ቀን ነው፤ የመንኰራኵሯ ኮምፒዩተሮች ሰዓት እርስ በርሱ ባለመስማማቱ ሁለት ቀን ተላለፈ። በዚህ የተነሣ የምጥቀቷ ቀን ሩሲያዊው ዩሪ ጋጋሪን ከሰው ሁሉ ቀድሞ ጠፈርን ካየበት ቀን ጋር ልክ በሃያ ዓመቱ ገጠመ። በመነሻዋ ጊዜ የክሪፐን ልብ በደቂቃ 130 ጊዜ ያህል ይመታ እንደ ነበረ ተመዝግቧል። እንግዲህ ጧት በአንድ ሰዓት በሜዳው ላይ ቆሞ ይመለከት የነበረው ሕዝብ፥ የመጣው ለበዓል ብቻ አልነበረም፤ ሁለት ሰዎች ማንም ባልሞከረው ነገር ላይ ሲቀመጡ ለማየት ነበር።

ግጥሙ የሚጀምረው ገና ሳይነጋ ነው። ተመልካቾቹ በጨለማ ይደርሳሉ፤ ሄሊኮፕተሮች መብራታቸውን እያበሩ ይዞራሉ፤ መንኰራኵሯ በሩቅ በጭጋግና በመብራት መካከል ቆማ እንፋሎት ስትተነፍስ፥ ደራሲው በተኛ ነጭ ዘንዶ ይመስላታል። ቀጥሎ ድምፅ ማጕያዎቹ ቈጠራውን ያሰማሉ፤ ፀሐይ ትወጣለች፤ አየሩ ይከብዳል። በመጨረሻ ምድር ትንቀጠቀጣለች፤ እሳቱ ይፈነዳል፤ መንኰራኵሯ ቀስ ብላ ከመሬት ትላቀቅና ሰማዩን እየቀደደች ትሄዳለች፤ ጢሱም በስፍራው ቆሞ ይቀራል። በዚህ ሁሉ መካከል በምድር ያሉት ተቈጣጣሪዎችና በመንኰራኵሯ ያሉት ሰዎች የተነጋገሩት ቃል፥ በሬድዮ እንደ ተቀዳ በዜማው ውስጥ እየገባ ይሰማል። ዘፈኑ ስድስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ሌላ ታሪክ የለውም።

ቅሬታውም የሚነሣው ከዚሁ ነው። ከጓዱ አፍቃሪዎች መካከል ብዙዎች ይህን ዘፈን ከደካሞቹ ይቈጥሩታል። ፒርት በሌሎች ግጥሞቹ ስለ ሰው ነፃ ፈቃድና ስለ ብቸኝነት የተመራመረ ሰው ሆኖ ሳለ፥ እዚህ ላይ ያየውን በተራ ከመዘርዘር በቀር ምንም አልጨመረበትም፤ ጋዜጣ የነገረንን ነገር ለምን በዜማ ይደግምልናል ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ፥ ከበሮውና ኦርጋኑ የምድሪቱን መንቀጥቀጥ ያሰሙናል፤ የሬድዮው ድምፅም ከሜዳው ላይ ያቆመናል፤ ከዚህ የበለጠ ምን ትፈልጋላችሁ ብለው ይመልሳሉ።

አማርኛ አስተማሪ የሆነ አንድ ወዳጃችን ዘፈኑን አብሮን አዳምጦ፥ የግጥሙንም ሐሳብ ካስረዳነው በኋላ ፍርዱን በአጭሩ ጨረሰው። «ይህ ሰም ብቻ ነው፤ ወርቁ የት አለ?» አለን። የአገራችን ሰው ጆሮው በቅኔ የሠለጠነ ስለ ሆነ፥ ግጥም በሰማ ጊዜ ከላይ ካለው ቃል በታች ሌላ ነገር መፈለጉ የታወቀ ነው። ልማዱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁሉን ግጥም በአንድ ሚዛን ወደ መመዘን ሊያደርሰን ይችላል። አዝማሪ ከሠራዊት ጋር ዘምቶ ተመልሶ፥ ማን እንደ ወደቀ ማን እንደ ቆመ በማሲንቆው ሲናገር፥ ሰሚው አስቀድሞ የሚሻው ወርቁን አይደለም። አስቀድሞ የሚሻው ሰውየው በእርግጥ በስፍራው መኖሩን ነው።

እኛ በመሥሪያ ቤት ቃለ ጉባኤ ስንጽፍ የምንውል ሰዎች ለዚህ ዐይነቱ ጽሑፍ ጥቂት ማድላታችን አይቀርም፤ አንባብያን ይህን ዐውቀው ይታገሡን። ቃለ ጉባኤ በተጻፈበት ሳምንት፥ ፈርሞ ከማስቀመጥ በቀር አንብቦ የሚደሰትበት ሰው እስካሁን አላየንም። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን ነገር በተነሣ ጊዜ መዝገብ ቤቱ ይከፈታል፤ አቧራው ይራገፋል፤ በዚያ ቀን ማን ምን እንዳለ፥ ማንስ ዝም እንዳለ ለማወቅ እያንዳንዱ ቃል ይመረመራል። ያን ጊዜ ጸሐፊው በተሰበሰቡት ሰዎች ቃል ላይ የራሱን ፍልስፍና ጨምሮበት ቢገኝ ወረቀቱ ለማንም አይረባም። በፒርት ግጥም ላይ የደረሰው ነገር ከዚህ የራቀ አይመስለንም። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን ከዚህ ዘፈን ጋር ስማቸው ዘወትር የሚነሣውን ሁለት ሥራዎች በአጭሩ እንመልከት።

አንደኛው የእንግሊዛዊው የዴቪድ ቦዊ «ስፔስ ኦዲቲ» ነው። ይህ ዘፈን የወጣው ጁላይ 11 ቀን 1969 ዓ.ም.፥ አፖሎ 11 ወደ ጨረቃ ከመምጠቋ አምስት ቀን በፊት ነው። ቦዊ ሐሳቡን ያገኘው ከምጥቀት ሜዳ ሳይሆን በ1968 ዓ.ም. ከወጣው ከስታንሊ ኩብሪክ ፊልም ነው። ወደ ጠፈር ወጥቶ ከምድር ጋር የነበረው ግንኙነት ስለ ተቋረጠበት፥ በሐሳብ ስለ ተፈጠረ አንድ ሰው ይናገራል። ይህ በእርግጥ ሰምና ወርቅ አለው፤ ጠፈሩ ሰም፥ የሰው ብቸኝነት ወርቅ ነው። ካናዳዊው ጠፈርተኛ ክሪስ ሃድፊልድ በ2013 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ እየተንሳፈፈ ሲዘፍነው፥ ሰውየው ወደ ምድር እንዲመለስ አድርጎ ቃሉን ለወጠው። እኛ አናመሰግነውም ለማለት አንደፍርም፤ ከዚያ ስፍራ ሆኖ የመጥፋትን ዘፈን እንደ ተጻፈ ለመዝፈን ማን ልብ ይኖረዋል?

ሁለተኛው «ቴልስታር» ነው። ይህን ዜማ ጆ ሚክ የተባለው እንግሊዛዊ በለንደን ከአንድ የቈዳ ዕቃ መደብር በላይ ባለው መኖሪያው ውስጥ ቀዳው፤ ቶርኔዶስ የተባሉት ሙዚቀኞች ተጫወቱት፤ በ1962 ዓ.ም. በብሪታንያም በአሜሪካም ከሸክላዎች ሁሉ አንደኛ ሆነ። ቃል የለውም፤ ጁላይ 10 ቀን 1962 ዓ.ም. ለመጠቀችው የመገናኛ ሳተላይት የተደረሰ ንጹሕ ደስታ ነው። የሚያስገርመው፥ ከምጥቀቷ አንድ ቀን በፊት አሜሪካኖች በፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ እጅግ ከፍ ባለ ሰማይ የኑክሌር ቦምብ አፈንድተው ስለ ነበር፥ ከዚያ የተረፈው ጨረር የሳተላይቷን መሣሪያ ጐዳው፤ በፌብሩዋሪ 1963 ዓ.ም. ፈጽማ ዝም አለች። ዜማው ግን መታመሟን ሳያውቅ እስከ ዛሬ ይደሰታል። ቃል የሌለው ሥራ ምስክርነት ስለማይሰጥ፥ በኋላ የሆነው ነገር አያገኘውም።

«ካውንትዳውን»ን ግን አገኘው። ኮሎምቢያ ሃያ ስምንተኛውን ጕዞዋን የጀመረችው ጃንዩወሪ 16 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። ከመሬት በተነሣች በ82ኛው ሴኮንድ፥ ከትልቁ የነዳጅ ጋን ላይ የሙቀት መከላከያ አረፋ ተገንጥሎ የግራ ክንፏን መታው። ቆሞ የሚመለከተው ሕዝብ ከተለመደው እሳትና ጢስ በቀር ያየው ነገር አልነበረም። ከ16 ቀን በኋላ ፌብሩዋሪ 1 ቀን ወደ ምድር ስትመለስ፥ በተመታው ክንፏ በኩል የጋለው አየር ገብቶ በቴክሳስ ሰማይ ላይ ተበታተነች፤ ለማረፍ የቀራት ሩብ ሰዓት ያህል ነበር። ሰባቱም ተሳፋሪዎች ሞቱ።

ከዚያ ቀን በኋላ ዘፈኑን የሚያዳምጥ ሰው የሚሰማው ቃል በ1982 ዓ.ም. ከተሰማው አንድ ፊደል እንኳ አልተለወጠም። ነገር ግን ደራሲው በመጨረሻ ላይ ያመጣውን ምሳሌ እንመልከት። መንኰራኵሯ ከሄደች በኋላ በሰማይ ቆሞ የቀረውን ጢስ በዓምደ ደመና ይመስለዋል። አንባብያን እንደሚያውቁት በኦሪት ዘፀዓት ዓምደ ደመና በእስራኤል ፊት እየሄደ በቀን መንገድ ይመራቸው ነበር። ይህኛው ግን የሚመራው ሕዝብ የለም፤ ሕዝቡ ከነበረበት ሳይነቃነቅ አንጋጦ ያየዋል። በ1982 ዓ.ም. ይህ ጌጥ ነበር፤ እንዲያውም ምሳሌው አልሰመረም የሚል ሐያሲ ቢነሣ እንቀበለው ነበር። በፌብሩዋሪ 2003 ዓ.ም. የቴክሳስ ሰዎች በሰማያቸው ላይ የተዘረጋውን ነጭ መስመር አንጋጠው ካዩ ወዲህ ግን፥ ዓምዱና የሚመለከተው ዓለም ሌላ ነገር ይናገራሉ። የመነሣቱም እሳት ራሱ ያለ ፍርሃት የማይሰማ ሆኗል፤ ጉዳቱ የተደበቀው በዚያ እሳትና በዚያ ጢስ መካከል እንደ ነበረ አሁን እናውቃለንና።

ይህን ስንል ደራሲው ያልሠራውን ሥራ ልንሰጠው አንፈልግም። ፒርት ነቢይ አልነበረም፤ ወርቁን ያስቀመጠው እርሱ አይደለም። ለእርሱ የሚገባው ምስጋና ሌላ ነው፤ ስፍራውን ባዶ አድርጎ መተዉ ነው። በዚያ ጧት የሰው ልጅ ሞትን ድል ነሣ፥ ከእንግዲህ የሚያስፈራው የለም ብሎ ጽፎ ቢሆን ኖሮ፥ ዛሬ ዘፈኑን በኀፍረት እናዳምጠው ነበር።

ነውሩንም አንሸሽገውም። በግጥሙ መካከል ደራሲው የምስክርነቱን ወንበር ትቶ፥ ሁላችን እጅግ ጓጕተናል፥ ቀኑም ድንቅ ነው እያለ ስሜታችንን ራሱ የሚነግረን ስፍራ አለ። ሳይንስና ሕልም ተገናኙ የሚለውም ሐሳብ በማንኛውም የምረቃ በዓል ላይ ሊነገር የሚችል ነው። ሄሊኮፕተሮቹን፥ እንፋሎቱን፥ የከበደውን አየር ሲነግረን ከአጠገቡ ቆመን ነበር፤ ጓጕተናል ባለ ጊዜ ግን ብቻውን ቀረ። ስለዚህ ዘፈኑ ወሬ አበዛ የሚሉት አፍቃሪዎች የተሳሳቱ ይመስለናል። የሚደክመው ወሬውን ባቋረጠበት ስፍራ ነው። የተቀዳው የሬድዮ ንግግር ከግጥሙ ከአንዳንዱ ስንኝ የበለጠ የሚገባንም ስለዚህ ነው፤ እነዚያ ሰዎች ሥራቸውን ይነጋገራሉ እንጂ ስለ ደስታቸው አይሰብኩም። የአንዱ ልብ በዚያ ሰዓት 130 ጊዜ ይመታል፤ በድምፁ ግን አይታወቅም።

ይህን ለአስተማሪው ወዳጃችን ነግረነው፥ ስለ 2003 ዓ.ም. አደጋም ካስታወስነው በኋላ ዘፈኑን እንደ ገና ሰማው። ጥቂት ዝም ብሎ፥ «ወርቁን የጨመረው ጊዜ ከሆነ፥ ቅኔው የማን ሊባል ነው?» አለን። እኛም መልስ አላገኘንለትም።

በሸክላው ሽፋን ላይ ለያንግና ለክሪፐን፥ በጠፈር መሥሪያ ቤቱም ለሚሠሩት ሁሉ ምስጋና ተጽፎ ዘፈኑ ለእነርሱ ተሰጥቷል። ሁለቱ ሰዎች ሁለት ቀን ከስድስት ሰዓት ያህል በጠፈር ቆይተው ኤፕሪል 14 ቀን 1981 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ በደኅና አርፈዋል። ግጥሙ ግን ማረፋቸውን አይነግረንም፤ መንኰራኵሯ ገና ወደ ላይ በመውጣት ላይ ሳለች፥ የሬድዮው ድምፅ እየተሰማ ያበቃል።