«ውሃውን አሳድሩት» የሚለው ምክር ምን ይጎድለዋል?

አዲስ አኳሪየም ያገኘ ሰው የሚሰማው የተለመደ ምክር አለ፦ «ውሃውን ሙላና አንድ ሌሊት አሳድረው፤ በማግስቱ ዓሣውን ጨምር።» ምክሩ አጭር ነው፣ ለማስታወስም ይቀላል። እኛ ግን ዛሬ ልንተቸው ነው። የምንተቸው ውሸት ስለሆነ አይደለም፤ ግማሹ ብቻ እውነት ስለሆነ ነው።

በመጀመሪያ የሚገባውን ምስጋና እንስጠው። የቧንቧ ውሃ ጀርም እንዲገድል ክሎሪን ይጨመርበታል። ክሎሪን ደግሞ ስንጥብን፣ ማለትም ዓሣው የሚተነፍስበትን አካል ይጎዳል። ውሃው በተከፈተ ዕቃ ሲያድር አብዛኛው ክሎሪን ተንኖ ይወጣል። ስለዚህ ማሳደሩ ይጠቅማል። ችግሩ ምክሩ እዚህ ላይ ማቆሙ ነው። ውሃው ውስጥ ስላለው መርዝ ይነግራችኋል፤ ዓሣው ራሱ ስለሚያመጣው መርዝ ግን ምንም አይልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣ የበላውን ፕሮቲን ሰውነቱ ሲጠቀምበት አሞኒያ ይፈጠራል። አብዛኛውን በስንጥቡ በኩል ወደ ውሃው ያስወጣዋል። የተረፈ ምግብና ኩስም ሲበሰብሱ አሞኒያ ይሆናሉ። አሞኒያ ደግሞ ቀለም የለውም። ውሃው ኩልል ብሎ እየጠራ ዓሣው ሊመረዝ ይችላል።

«ታዲያ የኦሞ ወንዝ ዓሣዎች ለምን አይመረዙም?» ብላችሁ ብትጠይቁ ጥያቄያችሁ ልክ ነው። ዳሰነቾች በኦሞራቴ አካባቢና ወንዙ ቱርካና ሐይቅ በሚገባበት ቦታ ዓሣ ያጠምዳሉ። በዚያ ውሃ ቆሮሶም፣ አምባዛም፣ ነጭ ዓሣም ይኖራል። ውሃው ብዙ ነው፤ ይፈስሳልም። ከዚህ በላይ ግን በእያንዳንዱ ድንጋይ፣ በጭቃውና በሣሩ ሥር ላይ ባክቴሪያዎች ተጣብቀው ይኖራሉ። አንዳንዶቹ አሞኒያን ወደ ናይትራይት ይለውጣሉ። ሌሎቹ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። ናይትሬት ጉዳቱ በጣም ያነሰ ነው፤ ዕፅዋትም ይመገቡታል። ወንዙ ይህን ሥራ ሁልጊዜ እየሠራ ነው። አዲሱ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ግን እነዚህ ሠራተኞች ገና አልገቡም። በቂ ሆነው እስኪራቡ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል።

አሁን ምክሩ ለምን እንደማይወቀስ ልብ በሉ። ዓሣው በማግስቱ አይሞትም። መጀመሪያ አሞኒያው ቀስ እያለ ይከማቻል። እሱን የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ሲበዙ ደግሞ የናይትራይት ተራ ይመጣል። ናይትራይት ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ስለሚያደርግ ዓሣው ውሃ ውስጥ ሆኖ አየር ያጥረዋል፤ ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ታዩታላችሁ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሳምንት ደህና ያለፈ ዓሣ በሦስተኛው ሳምንት ሊሞት ይችላል። ያኔ የሚወቀሰው ሻጩ፣ ምግቡ ወይም «የጂንካ ውሃ» ነው። ያሳደራችሁትን ውሃ የሚጠረጥር የለም። በውጤቱ የማይፈተን ምክር ደግሞ ዕድሜው ረጅም ነው።

ጥንቃቄ የሚመስል ሌላ ስህተትም አለ። ዓሣው ሲታመም ሁሉንም ነገር አውጥቶ፣ ማጣሪያውን ጭምር በቧንቧ ውሃ አሽቶ ማጠብ። ክሎሪኑ የተጀመሩትን ባክቴሪያዎች ይገድላል፤ በቃ፣ ወደ መጀመሪያው ቀን ተመለሳችሁ። «መጀመሪያ ጠንካራ ዓሣ አስገባና ውሃውን ያለማምደው» የሚለውም ያው ነው። ጠንካራ የተባለው ዓሣ መርዙን ስለቻለ መርዙ አልጠፋም፤ ስንጥቡ እየተቃጠለ እኛ ጊዜ ገዛን ማለት ነው።

ቤታችሁ ውስጥ ይህን ጉዳይ ከመምህራን በፊት የሚያውቅ ሰው አለ። እንጀራ የሚጋግር ሰው ሊጡን አቡክቶ ወዲያው ምጣድ ላይ አያፈስም፤ እርሾ ጨምሮ ይጠብቃል። አኳሪየምም መቡካት አለበት። እርሾውም አለ፦ ጤነኛ ዓሣ ካለበት የቆየ አኳሪየም የተወሰደ የማጣሪያ ስፖንጅ።

ጉዳዩ ከጌጥ አኳሪየም ያልፋል። በደቡብ ኦሞ ኩሬ ቆፍሮ ቆሮሶ ለማርባት የሚያስብ ወጣት እዚሁ ስህተት ላይ ቢወድቅ የሚከስረው የአንድ ክረምት ድካሙን ነው። ልምድ ያላቸው ዓሣ አርቢዎች ኩሬውን በፍግ አዳብረው ውሃው አረንጓዴ እስኪሆን ይጠብቃሉ። ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ነክረው መዳፋቸው በግልጽ ከታያቸው ኩሬው ገና ነው። አረንጓዴ ያደረጉት ጥቃቅን ዕፅዋት አሞኒያውን ይወስዳሉ፤ የዓሣውም ምግብ ይሆናሉ። የጠራ ውሃ ሁልጊዜ የተዘጋጀ ውሃ አይደለም።

የውሃው ፒኤችም ወሳኝ ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ ፒኤች 7 ላይ መርዛማው የአሞኒያ ዓይነት ከጠቅላላው 1 በመቶ አይሞላም። ፒኤች 8 ላይ 5 በመቶ ገደማ፣ 9 ላይ ከሲሶ በላይ ይሆናል። ሙቀቱ ሲጨምርም ድርሻው ያድጋል። ስለዚህ አንድ ቦታ የሠራ ምክር ቆላ ወርዶ ላይሠራ ይችላል።

ሳይንሱ ራሱም ታርሟል። መጻሕፍት ናይትራይትን የሚለውጠው ናይትሮባክተር ነው ይሉ ነበር። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በጨው አልባ አኳሪየሞች ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ናይትሮስፓይራ መሆኑን አሳየ። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሁለቱንም ደረጃ ብቻውን የሚጨርስ ናይትሮስፓይራ ተገኘ፤ ከተገኘባቸው ቦታዎች አንዱ የዓሣ እርባታ ማጣሪያ ነው። ሳይንቲስቶች ከታረሙ ምክሩስ ለምን አይታረም?

እንዲህ እናርመው። ውሃውን አሳድሩ፤ ማጣሪያውን ወይም የአየር ፓምፑን አስጀምሩ። ዓሣ ሳታስገቡ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣል አድርጉ። በመመርመሪያ ስትለኩ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሆነው ናይትሬት ከታየ ጊዜው ደርሷል። መመርመሪያ ካላገኛችሁ እስከ 6 ሳምንት ታገሡ፤ ከዚያም በአንድ ወይም በሁለት ዓሣ ጀምሩ፣ ምግብ ቀንሱ፣ ሩብ ያህሉን ውሃ ባደረ ውሃ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። ማሳደግ ካቃታችሁም ከሌላ አገር የመጣ ዓሣ ነሪ ወንዝ ውስጥ አትልቀቁ፤ ለሚታገሥ ጓደኛ ስጡት።