ሰማያዊዎቹ ጥብጣቦች የነገሩንና ያልነገሩን

ኒክ ባርከርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2007 ኔቸር መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት አምስት ገጽ ብቻ ነው። ስለ አንጀት የሚመራመር ሰው ግን እስከ ዛሬ ሳይጠቅሰው አያልፍም። ሥራው የተሠራው ኔዘርላንድስ፣ ዩትሬክት በሚገኘው የሃንስ ክሌቨርስ ቤተ ሙከራ ነው።

የአይጥ ትንሹ አንጀት የውስጥ ሽፋን ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ረግፎ በአዲስ ይተካል። አዲሶቹ ሴሎች የሚወለዱት ክሪፕት በሚባሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ውስጥ እንደሆነ ከታወቀ ቆይቷል። ክርክሩ የሁሉም እናት የሆነችው ስቴም ሴል የትኛዋ ናት የሚለው ነበር። ክሪስቶፈር ፖተን ከጉድጓዱ ግርጌ አራተኛው ደረጃ አካባቢ ናት ይል ነበር። ቼንግና ለብሎንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974 እዚያው ግርጌ ላይ፣ ፓኔት በሚባሉ ሴሎች መሀል ተሰክተው የሚገኙትን ቀጫጭን ሴሎች ጠቁመዋል። ሁለቱን ወገን የሚዳኝ ምልክት ግን አልነበረም።

ምልክቱ የተገኘው ከካንሰር ጥናት ነው። ቡድኑ በአንጀት ካንሰር ሴሎች ውስጥ ዊንት የተባለው የመልእክት መስመር የሚቀሰቅሳቸውን ጂኖች ሲያጣራ ኤልጂአር5 የተባለው ጂን እነዚያ ቀጫጭን ሴሎች ላይ ብቻ ሲሠራ አየ። ከዚያም ይህ ጂን የሚሠራባት ሴል አረንጓዴ የምታበራበት፣ ታሞክሲፌን የተባለ መድኃኒት ሲሰጥ ደግሞ እሷም ዘሮቿም በማቅለሚያ ሰማያዊ ሆነው የሚታዩበት አይጥ አዘጋጀ።

የጥናቱ ጉልበት ያለው ሥዕሎቹ ላይ ነው። በማግስቱ የሚታየው ግርጌው ላይ ለብቻዋ የቆመች ሰማያዊ ሴል ነው። በአምስተኛው ቀን ከግርጌ ተነስቶ ጣት መሰል እስከሆነው የቪለስ ጫፍ የሚደርስ ጥብጣብ ይታያል። በ60ኛውም ቀን ጥብጣቡ እዚያው አለ። ጎረቤቱ ሁሉ በቀናት ውስጥ በሚረግፍበት ሰፈር ሁለት ወር የቆየ ቀለም፣ ራሷን ከምትተካ ሴል በቀር ከየት ሊመጣ ይችላል? ጥብጣቡ ውስጥ ደግሞ ምግብ መጣጩም፣ ንፍጥ አመንጪውም፣ ሆርሞን አመንጪውም ሁሉ ይገኛል። ድፍረቱም እዚህ ላይ ነው፤ ስቴም ሴል በዝግታ ነው የምትከፈለው ተብሎ ሲታመን እነዚህ በየቀኑ ገደማ የሚከፈሉ ሆነው ተገኙ። ቶሺሮ ሳቶ እ.ኤ.አ. በ2009 ከአንዲት ኤልጂአር5 ሴል ብቻ ቪለስና ክሪፕት የሚመስል አካል በማሳደጉ የሚጠራጠር ብዙም አልቀረም።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። አንዱ ቀላል ነው፤ አረንጓዴው ምልክት በሁሉም ክሪፕት አይበራም፣ ስለዚህ አይጧን ተውሶ ለመቁጠር የሚሞክር ሁሉ ይቸገራል። ሁለተኛው ግን ጠለቅ ይላል። ጥብጣቦቹ የተከታተሉት ጤነኛ አንጀትን ነው። በአዘቦት ቀን ማን እንደሚሠራ ነገሩን፤ ጉዳት ሲደርስ ማን እንደሚነሳ ግን ከእነሱ አናውቅም። አንባቢው ግን ሁለቱን አንድ አድርጎ ወሰዳቸው፤ የጥናቱ ርዕስ ራሱ ስቴም ሴልን በአንድ ጂን መለየት እንደሚቻል ስለሚናገር በአንባቢው ብቻ አይፈረድም።

እ.ኤ.አ. በ2011 ሁዋ ቲያንና ባልደረቦቿ ኤልጂአር5 ያላቸውን ሴሎች በዲፍቴሪያ መርዝ አጠፏቸው። ሽፋኑ ግን መታደሱን ቀጠለ፤ ሌሎች ሴሎች ተነስተው ቦታቸውን ተኩ። ነገሩ ተቋጨ ሲባል የቲያን ጥናት የተሠራበት ቤተ ሙከራ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ጥናት ተቃራኒ የሚመስል ነገር አመጣ፤ አንጀቱ በጨረር ከተመታ ያለ ኤልጂአር5 ሴሎች አያገግምም። እንግዲህ እነዚህ ሴሎች በአዘቦት ቀን ሊታጡ የሚችሉ፣ ከጨረር በኋላ ግን የማይታጡ ሆኑ ማለት ነው። የ2007ቱ ጥናት ለዚህ የሚሆን ቦታ አልተወም።

የክሌቨርስ ቤተ ሙከራ ግን የራሱን ሥዕል ማረሙ ያስመሰግነዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ንፍጥ አመንጪና ፓኔት ለመሆን መንገድ የጀመሩ ሴሎች፣ በ2016 ደግሞ ምግብ መጣጭ ለመሆን የተሰለፉ ሴሎች፣ ግርጌው ባዶ ሲቀር ወደ ኋላ ተመልሰው ስቴም ሴል እንደሚሆኑ አሳይቷል፤ ለዚህም የተጠቀመው ያንኑ ዘርን በቀለም የመከታተል ዘዴ ነው።